ስሙን የሚጠራ ሁሉ፦ የእግዚአብሔር ስም አከባበር በአማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ንግግርና ኑሮ

፩. መግቢያ

በአማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ኅብረተሰብ ዘንድ የእግዚአብሔር ስም ሳይጠራ የሚያልፍ ቀን የለም። «እንደምን አደሩ» የተባለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። የተረዳ፣ የተጋበዘ፣ መንገድ የተመራ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ለቅሶ የደረሰ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ተበድሎ አቤት የሚልበት ያጣም «እግዜር ይይልህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ከብት ሲሸጥ፣ ድንበር ሲካለል፣ ብድር ሲካድ በዚሁ ስም ይማላል።

ይህ ልማድ ለታሪክ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ የአምላክን ስም በከንቱ መጥራትን ይከለክላል፤ በወንጌልም ክርስቶስ ፈጽሞ አትማሉ ብሎ አስተምሯል። ሁለቱም ቃላት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ሲነበቡና ሲተረጐሙ ኖረዋል። ታዲያ ስሙን በየደረሰበት የሚጠራ ሕዝብ ትእዛዙን እንዴት ተረዳው? ጉዳዩን ዘንግቶታል ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው ወደዚያ አያመራም።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በዚህ ኅብረተሰብ ስሙ የተከበረው በዝምታ ሳይሆን በሥርዓት ነው። ስሙ ለሁሉ ተሰጥቷል፤ የተሰጠውም በተለይ ሌላ ዋስ ለሌለው ሰው ዋስ እንዲሆን ነው። ስለዚህ «በከንቱ መጥራት» ማለት ስሙን አብዝቶ መጥራት ሳይሆን ስሙ የተሸከመውን አደራ መብላት ማለት ሆኖ ኖሯል። ይህን ለማሳየት ጽሑፉ ስሙ በግእዝ የያዘውን መልክ፣ በጽሕፈትና በሰዋስው የተሰጠውን ክብር፣ ከአስማት ጋር የተደረገውን ክርክር፣ በፍርድና በልመና የነበረውን አገልግሎት በቅደም ተከተል ይመለከታል።

፪. ስሙ በግእዝ የያዘው መልክ

አይሁድ የአምላካቸውን ስም በአራት ፊደላት ይጽፉ ነበር፤ ሲያነቡት ግን ፊደላቱን ትተው «አዶናይ» ማለትም «ጌታዬ» ይሉ ነበር። ክርስቲያኖች በተገለገሉባቸው የግሪክኛ የብሉይ ኪዳን ቅጂዎችም በአራቱ ፊደላት ቦታ «ኪርዮስ»፣ ጌታ፣ የሚለው ቃል ገብቶ ይነበባል። የአክሱም ተርጓሚዎች መጻሕፍቱን ወደ ግእዝ የመለሱት ከግሪክኛው ስለ ሆነ በእጃቸው የገባው የተሰወረው ስም ሳይሆን ምትኩ ነበር። እነርሱም «እግዚእ» እና «ብሔር» የሚሉትን ቃላት አናብበው «እግዚአብሔር» አሉ፤ ትርጉሙም የሀገር፣ የዓለም ጌታ ማለት ነው።

ቃሉ በአንድ ቀን እንዳልጸና የድንጋይ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዔዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን የማሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል። ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው የግእዝ ጽሑፍ ግን ድሉን የሚሰጠው ለ«እግዚአ ሰማይ» ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ካሌብ ያስቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን እስከ መጥቀስ ይደርሳል። ከሁለቱ ጽሑፎች መካከል ባለው ዘመን የሰማይ ጌታ የሚለው የነገሥታት አነጋገር በቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ እየተተካ ሄዷል።

የአካባቢው ሌሎች ቋንቋዎች የሄዱበት መንገድ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1899 በግእዝ ፊደል ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሕዝቡ አስቀድሞ ይጠራው የነበረውን የዋቃን ስም ተቀብሏል። በስዋሂሊ ክርስቲያኖችም ዘንድ «ሙንጉ» የሚለው የአገሬው ቃል ጸንቷል። በግእዝ ግን የቀድሞዎቹ አማልክት ስሞች ተትተው ማዕረግ ስም ሆነ። ማዕረግ ደግሞ ሊጠሩት የተዘጋጀ ነው፤ ባለጉዳይ ጌታውን የሚጠራው በማዕረጉ ነውና። ስሙን መጥራት በግእዝም ሆነ ግእዝን በተከተሉት ቋንቋዎች ነውር ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል። ቤተ እስራኤልም መጻሕፍታቸው በግእዝ በመሆናቸው በጸሎታቸው «እግዚአብሔር» ብለው ሲጠሩ ኖረዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ቃሉን በሌላ መንገድም ይፈቱታል። «እግዚእ» ወልድ፣ «አብ» አብ፣ «ኄር» መንፈስ ቅዱስ ነው ብለው በአንድ ስም ሦስቱን አካላት ያነብባሉ። ይህ በሥርወ ቃል ጥናት የሚጸና ባይሆንም በታሪክ ረገድ ትልቅ ዋጋ አለው። ምእመኑ ስሙን በጠራ ቁጥር ምሥጢረ ሥላሴን እንዲያስብ የተደረገ ትምህርት ነውና።

፫. ቀለምና ሰዋስው

ጸሓፊ ብራናውን ሲጽፍ የእግዚአብሔር፣ የኢየሱስ ክርስቶስ፣ የማርያምና የቅዱሳን ስም ላይ ሲደርስ ጥቁሩን ቀለም አኑሮ በቀዩ ይጽፋል። ሁለት ብርዕ ማዘጋጀት፣ ለስሙ ክፍት ቦታ መተው፣ ኋላም ተመልሶ መሙላት ጊዜና ጥንቃቄ ይጠይቃል። የስሙ ክብር እዚህ ላይ በድካም ይለካል፤ አንባቢውም ገጹን ሲገልጥ ከቃሉ በፊት ስሙን ያያል።

በንግግር ግን ቀይ ቀለም የለም። አማርኛ ለክብር ያለው ዋና መሣሪያ የብዙ ቁጥር አነጋገር ነው። አባት፣ አማት፣ ቄስ፣ ሹም «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ይባላል፤ በሌለበትም «እሳቸው» ተብሎ ይወራል። ስለ ጻድቃን ሲጻፍ «ተወለዱ»፣ «ገዳም ገቡ»፣ «ዐረፉ» ይባላል። እግዚአብሔር ግን «አንተ» ነው። ምእመኑ ለንስሓ አባቱ «ይፍቱኝ» ካለ በኋላ ወደ መቅደስ ዞሮ «ማረኝ» ይላል። ለጌታው «ይስጡኝ» የሚል ሎሌ ለፈጣሪው «ስጠኝ» ይላል።

የዚህ መነሻ በከፊል የግእዝ ሰዋስው ነው። ግእዝ ንጉሥንም እረኛንም «አንተ» ይላልና ጸሎቱ በዚያው ወደ አማርኛ ተሻገረ። አማርኛ የአክብሮት ተውላጠ ስሞችን ካዳበረ በኋላ ግን ይህን በጸሎትም ማዛመት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ አብርሃም በካይሮ የተረጐሙትና እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም ሆነ ከዚያ በኋላ የወጡት ትርጉሞች «አንተ»ን ጠብቀዋል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። አንድነቱ በብዙ ቁጥር እንዳይደናገር መጠንቀቅ አንዱ ነው። ሁለተኛው ግን ከማኅበራዊ ኑሮ የሚመነጭ ነው፦ «አንቱ» ርቀትን ይለካል፤ በሰውና በሹሙ መካከል ደጅ ጠባቂ፣ እልፍኝ አስከልካይ፣ አማላጅ መኖሩን ያመለክታል። በጸሎት ግን ጎጆ ያለው ድሀና አዳራሽ ያለው መኰንን በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራሉ።

ክብሩ ታዲያ በምን ይጠበቃል? በግሡ። በዕለት ንግግር ስሙ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው «ይስጥልኝ»፣ «ያጽናችሁ»፣ «ይማርህ»፣ «ይባርክህ» ከሚሉ የምኞት ግሦች ጋር ነው። አድራጊው እግዚአብሔር ነው፤ ተናጋሪው ይለምናል እንጂ አያዝም። ስሙ በገበሬው አንደበት «እግዜር» ብሎ ማጠሩም ንቀት አይደለም። በእጅ ብዛት እንደ ለዘበ የእርፍ እጀታ፣ ቃሉም በአገልግሎት ብዛት ለዝቧል።

፬. ከስም ወደ አስማት

ስሙን ለሁሉ መስጠት አደጋ ነበረው፤ አደጋውንም አንድ ቃል ብቻውን ይነግረናል። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። በአማርኛ ግን ጥንቆላን ወይም ምትሃትን ያመለክታል። በሁለቱ ትርጉሞች መካከል የረጅም ዘመን ታሪክ አለ። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጎን ለጎን የእግዚአብሔርን የተሰወሩ ስሞች ያወቀ ሰው አጋንንትን ያስራል፣ መስተፋቅርን ይሠራል፣ ጠላትን ያፈዝዛል የሚል እምነት ኖሯል። ደብተራው በብራና ላይ እየጻፈ በሰው ቁመት ልክ ያዘጋጀው ክታብ፣ ከሙታን ጋር የሚቀበረው ልፋፈ ጽድቅ፣ ከዚሁ እምነት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ድንበሩ ሁልጊዜ ግልጽ አልነበረም። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የሚባሉት ቃላት በቤተ ክርስቲያን የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል ስሞች ሆነው በጸሎት ይጠራሉ፤ እነዚሁ ቃላት በክታብ ላይም ይገኛሉ። ልዩነቱ በቃሉ ሳይሆን በአጠራሩ ነው። ጸሎት ባለቤቱን ይለምናል፤ አስማት ባለቤቱን ለማስገደድ ይሞክራል። የምኞቱ ግሥ ወደ ትእዛዝ ሲዞር ስሙ ከአምላክነት ወደ መሣሪያነት ይወርዳል።

ይህን በመንግሥት ኃይል ለመፍታት የሞከረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ የነገሠውም እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። በስሙ የሚታወቁት መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ ጠንቋዮችንና ባዕድ አምልኮን አጥብቀው ይቃወማሉ። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የመካድ ቃል ደግሞ በእጆቹ ላይ እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር። በአስማተኛው እጅ ተሰውሮ የነበረውን ስም ንጉሡ በአደባባይ፣ በሰው ሁሉ ገላ ላይ አወጣው። ነገር ግን ዜና መዋዕሉ በዚያው ዘመን የነበረውን ክስና ቅጣትም አይሰውርም፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ በባዕድ አምልኮ ተከሰው ተቀጥተዋል። በፈቃድ የሚጠራ ስም በዐዋጅ ሲታተም ለከሳሽ መጠቀሚያ መሆኑ አልቀረም።

ከዐዋጁ ይልቅ የጸናው የሕዝቡ አነጋገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚጥል በሽታን ወይም ሌላ የሚያስፈራ ነገርን ሲያነሣ «ስሙን ቄስ ይጥራው» ይላል። ይህ አባባል ብዙ ያስተምራል። በዚህ ኅብረተሰብም አፍ የሚፈራው ስም አለ፤ ያ ስም ግን የአምላክ ስም አይደለም። ለካህኑ የተተወው የክፉው ስም ነው፤ የእግዚአብሔርን ስም ሕፃኑም ይጠራዋል።

፭. ዋስ ለሌለው ዋስ

የስሙ አደራ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ሰው ከሰው ጋር ባለው ውል ነው። የመካከለኛው ዘመን የጉልት ስጦታዎች በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጀምረው ስጦታውን በሚያፈርስ ላይ በሚወርድ ውግዘት ይፈጸማሉ። ብዙዎቹም የተጻፉት በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ነው። ማኅተም በሚሰረቅበት፣ ሹም በሚለዋወጥበት አገር የመሬቱን ውል የሚጠብቀው በአጠገቡ የተጻፈው ስም ነበር።

በፍርድም እንዲሁ ነው። ምስክር ሲጠፋ ተከራካሪ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሄዳል፤ እዚያ የሚምል ሰው ነገሩን ከዳኛው አውጥቶ ለእግዚአብሔር ይሰጣል። ስለዚህም መሐላ ይፈራ ነበር፤ እውነቱን ይዞ እንኳ ከመማል ይልቅ ካሣ መክፈልን የሚመርጥ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ይከበር ነበር። የወንጌሉ «አትማሉ» የተተረጐመው እንዲህ ነው፦ መሐላ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን የመጨረሻ ደጅ ሆኖ እንዲቀር ተደረገ።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው «በንጉሥ አምላክ» የሚለው ቃል ነው። ተበዳይ በዳዩን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ለምሳሌ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ «በምኒልክ አምላክ» ብሎ ሲያቆመው የተጠራበት ሰው መቆም ነበረበት፤ አልፎ መሄድ ንጉሡንም አምላኩንም መድፈር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ በቁራኛ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ወታደርም መጥሪያም አልነበረም፤ ይዞ የሚያቆመው ቃሉ ነው። ቃሉን ለመጠቀም ሀብት፣ ዘር፣ ትምህርት አይጠየቅም ነበር። ባልቴት ባለ ርስቱን፣ ሎሌ ጌታውን ማስቆም ይችሉ ነበር። የ«አንተ» ሰዋስው በጸሎት ያደረገውን ይህ ቃል በአደባባይ አደረገው።

ንጉሡም ራሱ ከስሙ በታች ነው። «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለው ማዕረግ ሥልጣኑን ከፍ ያደርጋል፤ ዳሩ ግን ሿሚ እንዳለበትም ያሳስባል። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መግቢያ የጦርነቱን ክተት ሲያውጁ ዕድሜና ድል የሰጣቸው እግዚአብሔር መሆኑን ተናግረው፣ በቀረ ሰው ላይ አማላጅ እንደማይቀበሉ በማርያም ምለዋል። የንጉሥ ቃል ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ መሐላው ባላስፈለገ ነበር። መሐላው ቃላቸውን የሚያስርባቸው ሌላ ጌታ እንዳለ ለሕዝቡ አሳየ።

ድሀው ደጅ ላይ ሲቆምም ስሙ ዋስ ይሆነዋል። ነዳያን «ስለ እግዚአብሔር» ይላሉ፤ በ12 ስለ ሚካኤል፣ በ21 ስለ ማርያም፣ በ23 ስለ ጊዮርጊስ ብለው የዕለቱን ቅዱስ ይጠራሉ። የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ቤት ደርሶ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱ እንግዳውን አያውቀውም፤ ዋሱን ግን ያውቀዋል። እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። ሰጪው የሚሰጠው በሌላ ስም ስለ ሆነ ተቀባዩ አይዋረድም፤ ተቀባዩም «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል እኔ መክፈል አልችልም፣ ብድሩን የሚከፍልልኝ ግን አለ ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ስሙ የሚፈተንበት ቦታ ይገኛል። የሚሰጠው የሌለው ሰው ለማኙን «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ይሸኘዋል። በእውነት የሌለው ሰው ይህን ሲል ቃሉ ምርቃት ነው። መሶቡ ሞልቶ፣ ፊቱን አዙሮ የሚለው ሰው ግን ያንኑ ምርቃት መዝጊያ አድርጎታል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሰዋስው አይለየውም፤ የሚለየው መሶቡ ነው። ስሙን በከንቱ መጥራት በዚህ ኅብረተሰብ ምን ማለት እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

፮. ስምን መልበስ

አማኙ ስሙን የሚጠራ ብቻ ሳይሆን የሚለብስም ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ አመተ በሚሉ ቃላት የሚጀምር የክርስትና ስም ይቀበላሉ። ወላጆች በቤት ያወጡት ስም ምኞታቸውን ወይም የዘመኑን ሁኔታ ይናገራል፤ የክርስትናው ስም ግን ሰውየው የማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ልጅ፣ አገልጋይ፣ ገረድ እያለ። በቍርባን፣ በንስሓና በፍትሐት የሚጠራው ይኸው ነው። ንጉሥ ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲደፉ የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን የመንግሥት ስማቸው አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ በዐዋጅም በአቤቱታም ንጉሡን መጥራት የሥላሴን ስም ማንሣት ሆነ። ጥቅሙ ለዙፋኑ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም የተራው ገበሬ የክርስትና ስምና የንጉሠ ነገሥቱ ስም በአንድ ሥርዓት የተሠሩ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

፯. በአዲሱ ዘመን

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ንጉሡ ሲወርዱ «በንጉሥ አምላክ» የሚለው ቃል የቆመበትን አጣ። ፍርድ ቤት፣ መጥሪያና ፖሊስ ቀደም ብለው ቦታውን ይዘው ስለ ነበር ቃሉ ሲጠፋ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በከተማ «እግዜር ይስጥልኝ» ለ«አመሰግናለሁ» እየለቀቀ ነው። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የአረፍተ ነገሩ ባለቤት ተለውጧል። በፊተኛው ከፋዩ እግዚአብሔር ነበር፤ በሁለተኛው ባለቤቱ «እኔ» ነኝ፤ ብድሩም በሁለት ሰዎች መካከል ይዘጋል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ «ጌታ ይባርክህ» የሚለው ሰላምታ ሰፍቷል። ቃሉ አዲስ ቢመስልም «እግዚእ»ን መልሶ ወደ አማርኛ ማምጣት ነው፤ የምኞት ግሡም እንዳለ ነው።

መሐላው ግን ረክሷል። «ማርያምን»፣ «ሚካኤልን» የሚሉት ቃላት በየወሬው መካከል ለማጣፈጫ ይገባሉ፤ በገበያ ዋጋ ለመከራከርም ይበቃሉ። ብዙ ሰባኪዎች ይህን የአፍ ልማድ አድርገው ይገሥጻሉ። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ከአፍ ልማድ የሚከብድ ነገር ነው። ባለጸጋ መሐላው ባይታመንለት ሰነድ፣ ጠበቃና ዋስ ያቀርባል። ከቃሉ በቀር የሚያቀርበው የሌለው ሰው ግን ሲምል የማይታመን ከሆነ የሚቀረው ነገር የለም። በሐሰት የሚምል ሰው የሚሰርቀው ከእግዚአብሔር አይደለም፤ ነገ በእውነት ሊምል ከሚመጣው ድሀ ነው።

፰. መደምደሚያ

ከዔዛና ድንጋይ እስከ ዛሬው ሰላምታ ድረስ የተመለከትነው ታሪክ ስሙ እንዳይጠራ ከመከልከል ይልቅ የሚጠራበትን መንገድ ያስተካከለ ሕዝብ ታሪክ ነው። ጸሓፊው በቀይ ቀለም፣ ሰዋስው በምኞት ግሥ፣ ሊቃውንቱ አስማትን ከጸሎት በመለየት፣ ባህላዊው ፍርድ መሐላን በማክበድ ስሙን ጠብቀዋል። ከእነዚህ አጥሮች አንዳንዶቹ ፈርሰዋል፤ ሰዋስው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ስሙ የሚከበረው ቃሉ በትክክል በመነገሩ አይደለም፤ ከውስጥ ያለው ሰው ተነሥቶ በሩን በመክፈቱ ነው።